በጣቶች መሃል የቀረ ውሃ

እስከ ዛሬ ድረስ ከታጠብኩ በኋላ ቁጭ ብዬ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ካላደረቅሁ ጫማ አላደርግም። የቤቴ ሰዎች ይስቁብኛል። እነሱ ለባብሰው በር ላይ ቆመው ሲጠሩኝ፣ እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ በጣቶቼ መሃል እስባለሁ። ምን ላድርግ፣ እጄ ጨርቁን ሲይዝ ልቤ እዚያ የለም። ሞያሌ ሄዷል፤ በኬንያው በኩል፣ ቀይ አፈር ወዳለው ግቢ፣ የቀትር ነፋስ የኒሙን ዛፍ ቀስ እያለ ወደሚወዘውዝበት ጥላ። እስኪመለስ ድረስ ይጠብቁኝ እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል።

ያኔ ሞባይል ስልክ በከተማዋ ገና ብርቅ ነበር። እኔም ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። እናትና አባቴ ከደጋ ወርደው በወዲያኛው ሞያሌ፣ በኢትዮጵያው በኩል፣ ሱቅ ነበራቸው። እኔ ደግሞ ድንበሩን በእግሬ ተሻግሬ በኬንያው በኩል አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ ኬንያዊ ነርስ ነበር፤ ዝምተኛ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው። በገባሁ በወሩ ነጭ ጋውን አሰፋልኝ። እሱን ለብሼ ከባንኮኒው ኋላ ስቆም ራሴን ሐኪም አድርጌ ቆጠርኩ። የሰው ጥያቄ ሳያልቅ መልሱ አፌ ላይ ነበር።

ሥራዬ አጠገብ ለመሆን አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የግቢው ባለቤቶች አዛውንት ባልና ሚስት ነበሩ። እሳቸውን አባባ፣ ሚስታቸውን እማማ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ በሎሪ አስጭነው እስከ ኡራንና ዳበል መንደሮች እያደረሱ የሸጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ሱቁን ለልጆቻቸው ከለቀቁ በኋላም አለባበሳቸው የነጋዴ እንደሆነ ቀረ፤ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ጥቁር ካልሲ፣ የሚያበራ ጥቁር የቆዳ ጫማ። እኔን ልጄ የሚሉኝ በኦሮምኛ ነበር፣ ኢንተላ ቲያ እያሉ። ድምፃቸው ለስለስ ያለ ስለነበር ተቆጥተውም ቢሆን የሚያባብሉኝ ይመስለኝ ነበር።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መድኃኒት ቤት ስለምውል ግቢውን በቀን ብርሃን የማየው እሁድ ብቻ ነው። ለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ ስለዚያ ግቢ ሳስብ ሁልጊዜ እሁድ የሚሆንብኝ። ቀትር ላይ የጣሪያው ቆርቆሮ ከሙቀቱ የተነሳ ጠቅ ጠቅ ይላል። አቧራው በአየሩ ውስጥ ተንሳፎ ይቀራል፤ አይወርድም፣ አይሄድም። ከወዲህና ከወዲያ ማዶ የሚነሱት አዛኖች እኩል አይጀምሩም፤ አንዱ ሊጨርስ ሲል ሌላው ይቀበለዋል፣ እና ለጥቂት ጊዜ ከተማዋ ድንበር ያላት አትመስልም። እንቅልፍ ይሁን ንቃት ሳልለየው በክፍሌ በር ላይ ተቀምጬ እውላለሁ።

በግቢው ጥግ ከቆርቆሮ የተሠራች መታጠቢያ ነበረች። በሯ ላይ አንድ አረንጓዴ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሁልጊዜ ተቀምጦ ይጠብቃል። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሁላችንም በየተራ አድርገነው ገብተን እንወጣለን። ውሃ በጀሪካን፣ በአህያ ጋሪ ተገዝቶ የሚመጣ ስለሆነ ወለሉን በውሃ ላለቅልቅ የሚል ደፋር አልነበረም። ያ ነጠላ ጫማ ደርቆ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አባባ ወደ መስጊድ መሄድ እንዳቆሙ የነገሩኝ እማማ ናቸው። በፊት አምስቱንም ሶላት ከመንደሩ ሰው ጋር ይሰግዱ ነበር፤ ቦታቸውም ከኢማሙ ኋላ፣ ከፊተኛው ረድፍ ነበር። አሁን ግን ምንጣፋቸውን ከኒሙ ዛፍ ሥር ዘርግተው ብቻቸውን ይሰግዳሉ። ጁምዓ እንኳ ሲደርስ አንድ ምክንያት አያጡም፤ አንዴ ወገቤን፣ አንዴ እንግዳ ይመጣል ይላሉ። እማማ ይህን ሲነግሩኝ ከእህሉ ድንጋይ እየለቀሙ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም። የመንደሩ ሰው መጠየቅ ጀምሯል፣ እኔም መዋሸት ሰልችቶኛል አሉ።

በዚያው ሰሞን አባባ መድኃኒት ቤት መጡ። ሰው እስኪወጣ ድረስ ደጅ ቆመው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሳሙና ማስታወቂያ ሲያነቡ ቆዩ። ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ። የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብለው በሹክሹክታ የእግር ዳዋ ስጪኝ አሉ፤ መድኃኒት ማለታቸው ነው። ጣቶቹ መሃል ያሳክካል፣ ነጭ ይሆናል፣ ይላላጣል፣ አንዳንዴም ይሸታል። የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ባንኮኒው ላይ ያለውን ሚዛን ነበር።

ለኔ ነገሩ ቀላል ነበር። ፈንገስ ነው፤ ጭርት የሚያወጣው ዘመዱ በእግር ጣት መሃል ገብቶ ነው። ክሎትሪማዞል የሚባለውን ነጭ ክሬም ከመደርደሪያው አንስቼ ጠዋትና ማታ ይቀቡት አልኳቸው። አለቀ። እንዴት እንደሚውሉ፣ ምን እንደሚጫሙ፣ እግራቸውን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚታጠቡ አልጠየቅኩም። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እየታጠበ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ግቢ ውስጥ እያደርኩ ይህን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሦስት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ። ቲዩቡ ከጫፉ እስከ አፉ ተጠቅልሎ አልቋል፤ እግራቸው ግን ብሶበታል። እኔን ላለማስቀየም ቃላቸውን እየመረጡ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ይህን ዳዋ ያመጡልሽ ሰዎች አታለውሻል፣ ፎርጅድ ነው አሉኝ። እኔ ግን ተቀየምኩ። ጋውኔን ለብሼ ፎርጅድ ሸጠሽ መባል! ከላይኛው መደርደሪያ ጠንከር ያለ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለ ክሬም ለማውረድ በርጩማው ላይ ወጣሁ። ያን ጊዜ ባለቤቱ ከኋላ ሆኖ ውረጂ አለኝ። አባባን በትህትና ከሸኛቸው በኋላ፣ መድኃኒቱን ከመቀየርሽ በፊት ሰውየው እንዴት እንደሚጠቀምበት ጠይቂ አለኝ፤ ያ ጠንካራው ማሳከኩን አስታግሶ ፈንገሱን ሊያባብሰው ይችላል። ይህን ብሎ መነጽሩን ፍለጋ ሄደ። እኔም አኩርፌ ዋልኩ።

ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ቀን፣ ወዲያ ማዶ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ። ነጠላዬን ሳላጣጥፍ፣ ጫማዬንም ሳላወልቅ በክፍሌ በር ላይ ተቀመጥኩ። የቀትሩ አዛን ተጀመረ። አባባ ከኒሙ ሥር አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በፕላስቲክ ጆግ ውዱእ ያደርጋሉ። እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን ሲያጥቡ አየኋቸው። ውሃው ከክርናቸው ላይ እየተንጠባጠበ ፀሐይ ውስጥ ሲያልፍ ብልጭ ይላል። በዚያ ብልጭታ ላይ ዓይኔን ጥዬ ጭልጥ አልኩ። የመለሰኝ የመፈተጊያ ድምፅ ነው።

አባባ ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ሳሙና አውጥተው የእግራቸውን ጣቶች መሃል በመፈተጊያ ይፈትጉታል። ቆዳው እስኪቀላ ድረስ፣ አንዱን ጣት ከሌላው እየለዩ። ከዚያ ውሃ አፈሰሱበት። አላደረቁትም። አንዴ ብቻ እግራቸውን ነቅነቅ አድርገው በእርጥቡ ጥቁሩን ካልሲ ሳቡት፣ ምንጣፋቸውንም ዘርግተው መስገድ ጀመሩ።

እስኪጨርሱ ጠብቄ ሄድኩ። ለምን በሳሙና እንደሚፈትጉት ስጠይቃቸው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት አስረዱኝ። የውዱእ ውሃ ቆዳን መንካት አለበት። ክሬም ቅባት ነው፤ በውሃውና በቆዳው መሃል ከገባ ውዱኡ ጎደለ፣ ውዱኡ ከጎደለ ሶላቱም የለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሶላት በፊት ፈትገው ያስለቅቁታል። ለምን አያደርቁትም ስላቸው ደግሞ፣ አባታቸው የውዱእ ውሃ አይጠረግም፣ ኃጢአት ከጠብታው ጋር ይወርዳል፣ ራሱ ይድረቅ ብለው እንዳሳደጓቸው ነገሩኝ። ማታ የሚቀቡት መቼ ነው አልኳቸው። አንቺ ማታ አላልሽኝም? ፀሐይ ስትጠልቅ ከመግሪብ በኋላ ነው አሉ። የኢሻ ሶላት ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ሳሙናው ይመጣል። ክሬሙ በአባባ እግር ላይ አንድም ሌሊት አላደረም።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እሳቸው አንዳች አላጠፉም። እኔ ያልኳቸውንም፣ አባታቸው ያሏቸውንም፣ ፈጣሪ ያዘዘውንም ሳያጎድሉ ፈጽመዋል። አጉዳይዋ እኔ ነበርኩ።

እንዴት እንደሚደረቅና እንዴት እንደሚቀባ ላሳያቸው ፈለግኩ። ግን እግራቸውን መንካት አልችልም፤ ውዱእ አላቸው፣ የባዕድ ሴት እጅ ያፈርስባቸዋል። እሳቸውም የጣታቸውን መሃል አጥርተው አያዩም። እንግዲያው በራሴ እግር ላሳይዎት አልኩና ከጠዋት ጀምሮ ያደረግኩትን የእሁድ ጫማዬን አወለቅኩ። እግሬን በርጩማው ላይ አውጥቼ፣ የአስተማሪ ድምፄን አስተካክዬ፣ ትንሿን ጣቴን ከጎረቤቷ ለየሁ።

መሃሉ ነጭ ነበር፤ ረጥቦ፣ ተላልጦ፣ ሥሩ ላይ ስንጥቅ አውጥቶ። ለስንት ጊዜ ሲያሳክከኝ ሙቀት ነው፣ ጫማው ነው እያልኩ ሳልፈው ኖሬያለሁ። አባባ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አጥበው አዩት።

«ይሄማ የኔ እግር ነው» አሉ።

ከዚያ ሁለታችንም እኩል ዞረን የመታጠቢያዋን በር አየን። አረንጓዴው ነጠላ ጫማ ውሃውን እንዳዘለ ተቀምጧል። አባባ ሳቁ፤ እንዲያ ሲስቁ ከዚያ በፊት አይቼም አላውቅም፣ ትከሻቸው እየተነቀነቀ፣ ዕንባቸው እስኪመጣ። እኔም ያንን ሁሉ የሐኪም ኩራቴን ትቼ አብሬ ሳቅኩ። እማማ ምን ተገኘ ብለው ከጓዳ ወጡ። ነገሩን ሲሰሙ ነጠላ ጫማውን አንስተው መታጠቢያዋ ጣሪያ ላይ ወረወሩት። እኔ ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ እዚያው ፀሐይ ላይ ነበር።

ሳቁ ቀስ ብሎ በረደ። የዛፉ ጥላ ከእግራችን ሸሽቶ ነበር። ከዚያ አባባ ያልጠየቅኳቸውን ነገሩኝ። በሶላት ረድፍ ሰው ትከሻ ለትከሻ፣ እግር ለእግር ተነካክቶ ነው የሚቆመው። በመሃል ክፍተት አይተውም። አንድ ጁምዓ፣ ካልሲያቸው ታጥቦ ስላልደረቀ ባዶ እግራቸውን ቆመው ሳለ፣ አጠገባቸው ያለው ሰው ወደ ታች አየ።

«ክፉ ሰው አይደለም፣ ወዳጄ ነው» አሉ። «እግሩን ሰብሰብ አደረገ። አንዲት ጣት ብታህል ነው። እኔ ግን አየኋት፣ ኢንተላ ቲያ። በረድፉ መሃል ክፍተቱ እኔ ሆንኩ።»

ለዒድ ወደ ፊተኛው ረድፍ ይመለሳሉ አልኳቸው፣ ለማጽናናት ያህል። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፊተኛውን አልመኝም» አሉ። «በቀኜም በግራዬም ሰው ይኑር እንጂ።»

የሃይማኖቱን ነገር እኔ መወሰን አልችልም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አላውቅም ያልኩት ያኔ ይመስለኛል። የመስጊዱን ሼህ እንዲጠይቁ ለመንኳቸው። እፍረታቸው ቀላል አልነበረም፤ መስጊዱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቀው ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ፈታ ብሏል። ሼሁ፣ ቆዳ ጠጥቶ የጨረሰው ነገር ውሃ አይከለክልም፣ እግርን ማድረቅም ነውር የለበትም ብለዋቸዋል። ሼሁ ራሳቸውም የክሬሙን ስም በወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ከተቱ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ክሬም የሚጠይቁ ሽማግሌዎች በረከቱብኝ። አንዳቸውም ለራሴ ነው አላሉም።

ረመዳን ገባ። እማማ አሮጌ የጥጥ ሻሽ ቀድደው ለሁለት አካፈሉን፤ አንዱን ለአባባ፣ አንዱን ለኔ። የየራሳችን ነጠላ ጫማ ተገዛ፤ የኔ ቀይ፣ የሳቸው ሰማያዊ። የቆዳ ጫማው ፀሐይ ላይ ወጣ። አባባ በሰባ ዓመታቸው ከጎማ የተሠራ በረባሶ አድርገው ሲወጡ ትንሽ ከፍቷቸው ነበር፤ ነጋዴ በበረባሶ! ክሬሙን የሚቀቡት ከንጋቱ ሶላት በኋላ ነው፤ እስከ ቀትር ውሃ አይነካውም። ሌላው ማታ የቀኑ መጨረሻ ሶላት ከተሰገደ በኋላ፣ ጣቶቹ ደርቀው፣ በስሱ፣ ቆዳው ውጦ እስኪያጠፋው ድረስ። ሳሙናና መፈተጊያ ቀረ። እኔም በራሴ በር ላይ ተቀምጬ የራሴን እቀባለሁ። ግቢውን አቋርጠን ሳንነጋገር እንተያያለን። በጾሙ ቀናት ሁሉም ነገር ዝግ ያለ ነበር፤ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፣ የሎሪዎቹ ሞተር እንኳ። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ተረጋግቼ የኖርኩ አይመስለኝም።

ጨረቃዋ ሙሉ በሆነች ሰሞን ማሳከኩ ለሁለታችንም ጠፋ። ከዚያ በኋላ እማማ በጎን ጠሩኝና፣ ሰውዬሽ ካቆመ ሦስት ቀኑ ነው፣ ድኛለሁ ይላል አሉኝ። ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ሄጄ ተቆጣኋቸው። ማሳከኩ ሲጠፋ ፈንገሱ አልጠፋም፣ ቆዳው ድኖ ከታየም በኋላ ሌላ ሁለት ሳምንት መቀባት አለብዎት፣ አሁን ቢተዉት ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይመጣል አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አንቱ እያልኩ እንደዚያ መቆጣቴ እኔኑ አስደነገጠኝ። እውነቱን ለመናገር የተቆጣሁት ለእግራቸው ብቻ አልነበረም። እዚያ ዛፍ ሥር ብቻቸውን ሲሰግዱ ማየት አልቻልኩም ነበር፤ እንደ አባቴ እወዳቸው ነበር። አባባ አቀርቅረው ሰሙኝ። ሳዋ፣ እሺ፣ አሉ፣ እንደ ኬንያዎቹ። በማግሥቱ ጠዋት ጨርቁን ይዘው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

የዒድ ቀን ጠዋት ስነሳ ግቢው ባዶ ነበር። ሰማያዊው ነጠላ ጫማ መታጠቢያዋ በር ላይ ደርቆ ተቀምጧል። በረባሶው የለም። ማንም ነይ ያላለኝ ሰው ነኝ፣ ግን እግሬ ወሰደኝ፤ ሰው በብዛት ወደሚሄድበት ተከትዬ ዳገቷ ላይ ካለ ድንጋይ አጠገብ ቆምኩ። ከበታቼ ሜዳው ነጭ በነጭ ሆኗል። ፀሐይዋ ገና ከቀኝ በኩል እየወጣች ነው። ከሞያሌ መካ በሰሜን በኩል ነው፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ ወዲያኛው ማዶ አዙሮ፣ ለኔ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

አባባን በኮፍያቸውና በትከሻቸው አወቅኳቸው። ፊተኛው ረድፍ ላይ አልነበሩም። ከመጨረሻው ረድፍ መሃል ነበሩ፣ በቀኛቸው ሰው፣ በግራቸው ሰው። ባዶ እግራቸውን ነበሩ። የጎረቤታቸውን እግር ለማየት አንገቴን አሰገግኩ፣ ግን ከዚያ ርቀት አይታይም። ኢማሙ አላሁ አክበር አሉ። ሜዳው ሁሉ አጎነበሰ፣ ቀና አለ፣ ከዚያ ግንባሩን መሬት አስነካ።

ያን ጊዜ ኮፍያዎቹ ጠፉና ውስጥ እግሮች ብቻ ቀሩ። የመጨረሻው ረድፍ ከዳር እስከ ዳር፣ ፀሐይ ያረፈባቸው፣ አንዱ ከአንዱ የተጠጉ ውስጥ እግሮች። ከነዚያ መሃል የአባባን ፈለግኩ። ለሳምንታት ሌላ ሳላስብ የከረምኩበት እግር ነው፤ ከሺህ እግር እለየዋለሁ ብዬ ነበር። ከቀኝ ቆጠርኩ፣ ከግራ ቆጠርኩ። የሳቸው የት እንደሚያበቃ፣ የጎረቤታቸው የት እንደሚጀምር መለየት አቃተኝ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የትኛው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።